እሳት አጥፊው ጋሼ ቲማቲም ሲያጠጡ

ባልዲ አንጠልጥዬ የጎረቤቴን የጋሼን የአጥር በር በእግሬ በርግጄ ስገባ ቤታቸው እየተቃጠለ መስሎኝ ነበር። ምን ላድርግ? ገመድ ላይ ያሰጣሁትን አንሶላ ከአጥሩ ማዶ የመጣ ውሃ በጥፊ ሲለው አየሁ። ጋሼ ደግሞ ሠላሳ ዓመት እሳት ሲያጠፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በዚያ ጉልበት ውሃ የሚረጩት ለሌላ ለምን ይሆናል?

ለቲማቲም ኖሯል።

የድሮ ቦቲያቸውን አጥልቀው፣ እግራቸውን አንፈራጠው፣ በጠራራ ፀሐይ የውሃ ጎማውን አፍ በአውራ ጣታቸው ጨቁነው ችግኞቹን ይገርፏቸዋል። ችግኞቹም እጅ ሰጥተው ተኝተዋል።

ቃጠሎው የት ነው ብላቸው ባልዲዬን ከላይ እስከ ታች ገረመሙት።

«ውሃ እያጠጣሁ ነው። ቢቃጠልስ በዚህ ምን ልታጠፊ ኖሯል?»

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ነገሩ የምር ነበር። ባለቤታቸው እትዬ፣ ጭቃ ተሸክሞ ሳሎን የሚገባ ቦቲ አንገሽግሿቸው፣ ጓሮው በሲሚንቶ ይለሰን ብለዋል። ግንበኛው መጥቶ ለክቶ ሄዷል። ጋሼ ለምነው ያገኙት ነገር ቢኖር፣ ሰውዬው የያዘውን ሥራ ጨርሶ በሁለት ወር ሲመለስ አንድ የበሰለ ቲማቲም ከታየ ጓሮው አፈር እንደሆነ ይቀራል የሚል ስምምነት ነው። ካልታየ፣ ከእንግዲህ ጋሼ ሲሚንቶ ላይ ወንበር አውጥተው ግድግዳ ማየት ነው።

«በቀን ሁለቴ አጠጣቸዋለሁ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እነሱ ግን ይጠወልጋሉ።»

ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይስደዱ አልኳቸው። እስከ መጀመሪያው አንጓ ጭቃ ነው። ሁለተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ አመድ። ሥሩ ደግሞ ያለው አመዱ ጋ ነው። ውሃው ላይ ላዩን ሮጦ ወደ እኔ አጥር ነው የሚመጣው፤ እዚያ ያለው አረም ወገቤ ጋ ደርሷል፣ ያጠጣውን ሰው እግዜር ይስጠው።

ብዙ የተማርኩ አይደለሁም፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግን ድርቅ ያለ ጨርቅ ልተኩስ ስል ውሃ ብደፋበት ተንሸራቶ ይወርዳል፤ በእርጥብ እጄ ደጋግሜ ስዳብሰው ነው የሚጠጣው። አፈርም ያው ነው። በማግስቱ ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ አሮጌ ጀሪካኖችን ታችኛው ጎናቸው ላይ በሚስማር በሳን፣ በየችግኙ ሥር እስከ አንገታቸው ቀበርናቸው፣ ውሃ ሞላንና መሬቱን ደረቅ ሣር አለበስነው።

ጋሼ ውሃው ሰርጎ እስኪያልቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል አሉ። እስከ ምሳ ድረስ አልኳቸው።

«እኛ በአራት ደቂቃ ነበር የምንጨርሰው።»

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላቸው፣ ዕንቁላሉ ሁለት ወር ብቻ እንደተሰጠው አስታወሱኝ። ያም ሆኖ በርጩማ አምጥተው ዘብ ቆሙ፤ ይቅርታ፣ ዘብ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን የጀሪካኑን ቀዳዳ ሲያሰፉ እጅ ከፍንጅ ይዤ ሚስማሩን ቀማኋቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለማን ሆነና።

ቅጠሉ ቀና አለ፣ አበባው መጣ፣ ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ተንዠረገገ። አረንጓዴ ሆኖም ቀረ። ግንበኛው የሚመጣበት ቀን ሲደርስ የቀላ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም በአንድ ጎኑ። ጋሼ ከእኔ ክር ወስደው፣ ቀዩ ፊቱ ወደ በሩ እንዲዞር ከእንጨት ጋር አስረውታል። ሥራው ልብስ ሰፊንም አያሳፍርም።

እትዬ ግንበኛውን አስከትለው መጡ። ጎንበስ አሉና ቲማቲሙን ወዲያ አዞሩት። አረንጓዴው ጎን ወጣ። ክሩን አዩ፣ እኔን አዩኝ፤ እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። ጋሼ እሳት ፊት ያልፈሩትን ፈርተው ኮፍያቸውን አወለቁ።

እትዬ ቀጠፉት። በቀዩ በኩል ገመጡና ቀስ ብለው ማኘክ ጀመሩ።

ግንበኛው ሜትሩን ከኪሱ እያወጣ፣ «እትዬ፣ ሲሚንቶውን ነገ ላምጣ?» አለ።

«ጨው አምጣ» አሉት።