የባትሪው ወንበር

አካል ጉዳተኞችን የሚረዳው ድርጅት ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር ጎን ለጎን አቁሞ ዙሀራን ምረጪ አላት፤ በእጅ የሚገፋውን ወይስ በባትሪ የሚሄደውን? አሮጌ ወንበሯን አስረክባ አንዱን ትወስዳለች። ለማሰብ እስከ ነገ ጊዜ ሰጧት። አሁን ይሄ ምርጫ ይባላል?

የኮልፌን ዳገት በገዛ ክንዷ ስትወጣ ስትወርድ ኖራ ትከሻዋ አልቋል። ማንኪያ ስታነሳ እንኳ ያማታል። ስለዚህ የምትገፋት ልጇ ጁወይሪያ ናት። ጁወይሪያ ደግሞ ኒካህ አስራለች፤ ባሏ ቡታጅራ ሆኖ ይጠብቃታል። «እማን ማን ይገፋታል?» እያለች ዛሬ ነገ ስትል የባሏ ቤተሰቦች ማጉረምረም ጀምረዋል። ትዳሩ ሳይጀመር ሊፈርስ ነው፤ ዙሀራን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

የባትሪው ወንበር ልጅቷን ነጻ ያወጣታል። ግን ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ መደረግ አለበት፤ የግቢው ቆጣሪ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የአከራይዋ የእትዬ ወለተጻድቅ። ስልክ መሰካት ይፈቀዳል፤ ካውያ ክልክል ነው።

ልጇን ሳታሰማ፣ ትከሻዋን እያመማት ወንበሯን ራሷ ገፍታ ደጃፋቸው ሄዳ ለመነቻቸው።

«እትዬ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ማታ ማታ ብቻ ልሰካው።»

«ምጣድ የከለከልኳቸው ተከራዮች ምን ይሉኛል? ፊውዙ ሲቃጠልስ? አይሆንም፣ ዙሀራዬ!»

ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፤ ስትታመም አጥሚት ይዘውላት ይመጣሉ። በቆጣሪያቸው ከመጡባቸው ግን ሌላ ሰው ናቸው።

ዙሀራ አምርራ አለቀሰች። ቤት ልቀይር ብትል፣ ተሽከርካሪ ወንበር አይቶ በሩን የማይዘጋ አከራይ ከየት ይመጣል? የእጁን ብትወስድ ልጇ አትሄድላትም፤ የባትሪውን ብትወስድ እሷ መንቀሳቀሻ ታጣለች። ከሁለት ያጣች ጎመን ሆነች።

በማግስቱ የባትሪውን መረጠች። ባትሪውን ሞልተው ነበር ያስረከቧት፤ በልጇ ፊት እየሳቀች ግቢውን ዞረችበት።

«ማታ የት ትሰኪዋለሽ፣ እማ?»

«እትዬ ፈቅደዋል» ብላ ዋሸቻት።

ጁወይሪያ አቅፋ ሳመቻትና ቅዳሜ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዙሀራ ወደ ግቢው የጋራ ሽንት ቤት ስትሄድ ወንበሩ መሃል ግቢ ላይ ቀጥ አለ። ተከራዮቹ ሥራ ናቸው፤ እትዬም ለቅሶ ሄደዋል። ተጣራች፤ የሚሰማ የለም። ጎማውን በእጇ ለመግፋት ታገለች፤ ንቅንቅ አላለም። ፀሐዩ አናቷ ላይ ሲወጣ ስልኳ ጮኸ።

«እማ፣ ወንበሩ እንዴት ነው?»

«ኧረ እየበረርኩበት ነው፣ ልጄ! ጦር ኃይሎች ደርሼ አሁን መመለሴ ነው» አለች ዙሀራ። ቀሚሷ ርሶ ነበር፤ ሽንቷን መያዝ አቅቷት ለቃዋለች።