በክንዱ የተፈረደባት

እኔ ሙላቷ ነገር በሆዴ አላሳድርም፤ እዚህ ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጎረቤቶቼ ገዛኸኝና እፀገነት ልጅ አጥተው ሊለያዩ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ ሳልጠራ ገብቼ "ሁለታቸውም ይመርመሩ!" አልኩ።

ሳቁብኝ። ገዛኸኝ በያጅ ነው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ጉድ ሆኖ ነበር። ክንዱ ደነደነ፣ ጺሙ ፊቱን ዋጠው፣ አርባ ሊሞላው ምን ቀረው፣ እንደ ጎረምሳ ብጉር አወጣ። በሆነ ባልሆነው ይቆጣል። ሰፈሩ ግን "ማሻአላህ፣ ካርቱም ተስማማው!" ይል ነበር።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን የመሰለ ወንድ ምን ይገኝበታል? እስቲ ክንዱን እዪው!" አሉኝ ጋሽ ካሣዬ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ።

አይ ሽምግልና! በክንዱ ተፈረደባት። እፀገነት መካን ተብላ ወደ ጎንደር ተመለሰች። እስከ አውቶቡሱ የሸኘኋት እኔው ነኝ፤ እሱማ ከቤት አልወጣም።

ዓመት ሳይቆይ ጎኑን ያመው ጀመር። ሌላ ማን አለው? በረክሻ፣ በባጃጅ ማለቴ ነው፣ ጭኜ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ የደም ውጤቱን አይቶ፣ "የወንድ ሆርሞንህ ከልክ በላይ ነው። ጡንቻ ማሳበጫ መርፌ ትወጋለህ?" አለው በዐረብኛ።

"ወላሂ አልወጋም!"

በሲቲ ስካን ሲታይ ኩላሊቱ አናት ላይ ዕጢ ተገኘ። ሆርሞኑን የሚያመርተው እሱ ነው፤ ጡንቻውም፣ ብጉሩም፣ ቁጣውም ከዚያ የመጣ ነው አለን። ካንሰር ነው፤ ጉበቱ ጋም ደርሷል።

ገዛኸኝ ስለ ሞቱ አልጠየቀም። "ዶክተር፣ ልጅስ?" አለ።

"ሆርሞኑ እንዲህ ሲበዛ ሰውነት ዘር ማምረቱን ያቆማል። ቀደም ብለህ መጥተህ ዕጢው ቢወጣ ኖሮ ምናልባት..."

ገዛኸኝ እጄን ያዘኝ። "እትዬ ሙላቷ፣ ደውይላት። ይቅርታ ልጠይቃት፣ አንዴ ትምጣልኝ።"

ወደ ግቢው ወጥቼ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። እፀገነት አለቀሰች፣ አለቀሰችና፣ "እትዬ፣ እንዴት ብዬ ልምጣ? አግብቻለሁ እኮ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ" አለችኝ።

ስመለስ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። "ትመጣለች?"

ዝም አልኩ። እኔ፣ ሙላቷ!

"ንገሪኝ እንጂ።"

"አግብታለች ገዛኸኝ። አርግዛለችም።"

ያን ክንዱን ዓይኑ ላይ ጫነው። "እሰይ" አለ። "እሰይ። እሷስ ደህና ነበረች።"

እንባዬን ስጠርግ አየኝ። "አታልቅሺ። ይልቅ ሂጂና ለጋሽ ካሣዬ ንገሪያቸው። ጉድለቱ የኔ ነበር በያቸው። ለቅሶዬ ላይ ሳይሆን፣ ዛሬ።"

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።