ስምንት ብሎን

«ዛሬ ዝም አለች፣ አይደል?» ያለችው እናታቸው ነበረች፤ መኪናዋን ማለቷ ነው። መኪናው ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ራሷን በትንሹ ልጇ ጉልበት ላይ አስደግፋ። ትልቁ ልጇ፣ ሹፌሩ፣ ከተከፈተው የኋላ ኮፈን ሥር አጎንብሶ በላብ ተጠምቆ ነው የሰማት። የወንድሙን መልስ ግን እስከ መጨረሻው አልሰማውም። «አዎ እማዬ» አለ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ጨመረ፤ ከዚያ እናትየው የደከመ ሳቅ ሳቀች። ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያ ሳቅ ግን አልለቀቀውም።

ወንድሙ ከተቀበረ አሁን ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሹፌሩ በዚያችው መኪና ከጎረቤት የተዋሱትን ወንበር ወደ ኀዘኑ ቤት ሲያመላልስ ውሏል። እግሩ አብጧል፤ ዐይኑን ሲጨፍን እንኳ አያርፍም። ከኋላ ኮፈኑ ወለል መካከል፣ ተቀያሪው ስኮርታ ጎማ በተጋደመበት ጎድጓዳ ላይ፣ ክዳን የሚባል የለም፤ የተቀደደ ካርቶን ብቻ። የወንበሮቹ እግር እየሰመጠ ይቀረቀራል።

«የውሃ ጉድጓድ ቆፍረህ ባልዲውን ረሳኸው እንዴ?» አለ የሟቹ ጓደኛ ጎሚስታው፣ አንዱን ወንበር ሲያላቅቅ። ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ። «ይቅር በለኝ፤ አፌ ነው።»

«ግድ የለም።»

ወንበሩን ይዘው ወደ ግቢው ሲገቡ የወንድማማቾቹ አክስት አጠገቧ ላለችው ሴት በሹክሹክታ ስትናገር ተሰማች። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ እናቱንም እኮ እንደዚያ ያደረጋት የሱ ብሎን ነው።» የሟቹ ትልቋ ልጅ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች በአጠገባቸው አለፈች። ሹፌሩ ወንበሩን አስቀምጦ ወጣ።

ሟቹ አናጺ ነበር። ሰፈሩ «ሚሊ» ነው የሚለው፤ ሰው ሁሉ ያደነቀውን በር «ሁለት ሚሊ ይጎድለዋል» ብሎ ያፈርሳል። ያገባ ዕለት ጎሚስታው «ሙሽራዋን ለክተሃታል?» ብሎ ሰርገኛውን አስቆታል።

ከስድስት ዓመት በፊት የስኮርታው ክዳን ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ኮምፔንሳቶ ነበር። ጠርዙ ተፈርፍሮ፣ መንገድ ላይ ሲንቀጫቀጭ ጆሮ ያደነቁራል። ሹፌሩ መኪናዋን አናጺው ደጃፍ ላይ አቆመ።

«አዲስ ክዳን ሥራና ቸንክረው። ድምፁን ሁለተኛ እንዳልሰማው።»

«ጋሼ፣ ጎማው እኮ ከሥሩ ነው። ብትፈልገውስ?»

«ስፈልገው እፈታዋለሁ። አንተ ብቻ ዝም አሰኛት።»

ሚሊ በስምንት ብሎን አሰረው። ንቅንቅ የማይል ሆነ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እናታቸው ታመመች። ወደ ሆስፒታል ሲከንፉ ጎማ ተነፈሰ። መኪናው ውስጥ ካቻቢቴ አልነበረም። ሹፌሩ በቢላ ጫፍ ሲታገል ቆይቶ፣ በመጨረሻ የጎማ መፍቻውን ሰክቶ ክዳኑን ከነላሜራው ጠርዝ ፈነቀለው። አርባ ደቂቃ ሄደ። ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ እናታቸው አርፋለች። ቀድመው ቢደርሱ ትተርፍ እንደሆነ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

«በምን ልቡ ነው የጎማ ክዳን የቸነከረው?» አለች ያን ጊዜም አክስትየዋ፣ በሰው ሁሉ ፊት። አናጺው አቀረቀረ። ሹፌሩ እጁ ላይ ያለው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ብርጭቆውን አየ። አንዲት ቃል ነበረች ከሱ የምትጠበቀው። ዛሬ ነገ ሲል ቃሏ ዛገች።

ከዚያ ወዲህ ሚሊ ባገኘው ቁጥር ሜትሩን ከኪሱ ያወጣል።

«ጋሼ፣ ልለካት?»

«ተዋት።»

ሰው ሹፌሩ ቂም ይዟል አለ። ቂም ቢሆን በተሻለው። እሱ የሚፈራው በዚያ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ከወንድሙ ጋር ዐይን ለዐይን መተያየትን ነበር።

በአምስተኛው ቀን የሟቹ ሚስት ከጓዳ ወጥታ ጠራችው። «ጋሼ፣ አንዴ ይምጡ።»

ወርክሾፑ እንደነበረ ነው። መላጊያው ሚሊ በወደቀበት ቦታ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ የሚያነሣው ሰው አልተገኘም። ሴትየዋ ግድግዳ የተደገፈ ነገር ላይ የነበረውን ጨርቅ ገለጠች። አዲስ የኮፈን ወለል ነበር። ምንጣፍ የለበሰ፣ መሐሉ ላይ በማጠፊያ የሚታጠፍ፣ እንዳይንኳኳ ጠርዙ በጎማ የተከበበ። አንድም ብሎን የለውም። መያዣው ከአሮጌ የቆዳ ቀበቶ የተቆረጠ ነው። ከሥሩ ለክሪኩና ለጎማ መፍቻው ማስቀመጫ ተፈልፍሎለታል፤ ከጎናቸው አንዲት ካቻቢቴ በልኳ ተኝታለች።

«መቼ ለካው?» አለ ሹፌሩ።

«እርስዎ እኛ ቤት ምሳ በበሉ ቁጥር ነዋ። ‹ጋሼን ጨምሪለት› ይለኝና ሹልክ ይላል።» ፈገግ ልትል ነበር፤ አልሆነላትም። «ዐይኔን አስጨፍኖ በግራ እጄ እንድከፍተው አስለመደኝ። ‹ሰው ሲደነግጥ እንደዚህ ነው› አለኝ።»

ሹፌሩ የሥራ ጠረጴዛውን ተደገፈ።

«ያን ቀን እማማ ‹ዛሬ ዝም አለች› ሲሉት ምን እንዳላቸው ያውቃሉ? ‹አዎ እማዬ፣ ጋሼ ነው ያሠራኝ፤ አንቺን እንዳይረብሽሽ ብሎ ነው› አላቸው። ደስ ብሏቸው ሳቁ።»

«ታውቂ ነበር ማለት ነው?»

«ሲመሰገን ስምዎን ጠራ፤ ሲወቀስ ዋጠው። እኔንም ‹ጋሼ ራሱ ይናገራል፣ እንዳትቀድሚው› አለኝ። ይኸው አልቀደምኩም። ልጄ ግን እዚያ ውጭ ስለ አባቷ የሚወራውን እየሰማች ነው።»

«ኀዘኑ ይለፍና እነግራቸዋለሁ።»

«ኀዘኑ ሲያልፍ ሰዉ ይበተናላ፣ ጋሼ። ለማን ነው የሚነግሩት?»

ሹፌሩ እንጨቱን አነሣ፤ ጎሚስታውም ከደጅ መጥቶ በአንድ ጫፍ ያዘለት። መኪናው ላይ ሲያስገቡት በቀኝ በኩል ገጥ አለ፤ በግራ በኩል ግን አልወርድ አለ።

«ሚሊ ተሳሳተ? ጉድ በል!» አለ ጎሚስታው። «መላጊያ አምጡ፣ ትንሽ እንላገው።»

ሹፌሩ የግራውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ላዩ ላይ በእርሳስ የተጻፈች የወንድሙ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረች፦ «እንጨቱ ልክ ነው። ላሜራው ይቃና።» አጠገቡ፣ ያን ቀን እሱ ራሱ በጎማ መፍቻ ያጣመመው ላሜራ ወደ ውስጥ ጎብጧል።

«እንጨቱ አይነካም» አለ። «መዶሻ ስጠኝ።»

ጨርቅ ጣል አድርጎ ቀስ እያለ ቀጠቀጠው። ቢሆንም ድምፁ ግቢው ድረስ ተሰማ። አክስትየዋ ምርኩዟን ይዛ ወጣች።

«ኧረ በኀዘን ቤት! ምን መቀጥቀጥ ነው ይሄ?»

ሹፌሩ መዶሻውን አስቀመጠ። ክዳኑን አወረደው፤ ገጠመ። የሚሊ ሚስት በሩ ላይ ቆማለች፤ ልጇ ጎኗ ላይ ተለጥፋለች።

«እሺ» አላት። «ዛሬውኑ። ሰዉ ሳይበተን።»

ከዚያ ወደ አክስቱ ዞረ። «አክስቴ፣ ነይ እንግባ። ስለ ስምንቱ ብሎን ሰው ሁሉ ባለበት የምናገረው አለኝ።»

ከመሄዱ በፊት አንድ ጣቱን በቀበቶው ቁራጭ ውስጥ አስገብቶ ክዳኑን ከፍ አደረገው፤ መልሶ ዝቅ አደረገው። ድምፅ አልነበረውም።