ከአበባው ጀርባ ያለው ሳማ

ጉንቮር በደረቷ ተኝታ ኮፍያዋን ከደወል አበባዋ ጀርባ አቆመችው። ሣሩ ገና ጤዛውን አላራገፈም ነበርና ሹራቧ ሆዷ ላይ ርሷል። በአንድ እጇ ኮፍያውን ደግፋ በሌላው ስልኳን አስጠጋች። ሰማያዊዋ አበባ በቀጭን አገዳዋ ላይ ትንሽ ተወዛውዛ ስትረጋ፣ ጉንቮር ትንፋሿን ውጣ አነሳቻት። በምስሉ ላይ የሚታዩት አበባዋና ከኋላዋ ያለው ለስላሳ ግራጫ ብቻ ናቸው። ከኮፍያው ወዲያ ያለው ነገር አይታይም።

ከኮፍያው ወዲያ ያለው ሳማ ነው። የሰው ወገብ የሚደርስ፣ ከአሮጌው ጋጣ ጀምሮ እስከ ድንጋይ አጥሩ ድረስ መስኩን የወረሰ ሳማ።

"ጉንቮር! ወድቀሽ ነው?"

ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ጎረቤቷ ሆካን ነበር። ትልቅ ሆዱን ይዞ እያለከለከ በአጥሩ በር ገባ።

"አልወደቅኩም። ፎቶ እያነሳሁ ነው።"

"እንዲህ ተዘርግተሽ? እኔ እኮ አምቡላንስ ልጠራ ነበር። በዚህ ዕድሜሽ እንደ እንቁራሪት መሬት ለመሬት!"

"እንቁራሪትማ ብሆን ለመነሳት የሰው እጅ ባልፈለግኩ። በል አምጣ እጅህን።"

ሳብ አድርጎ አነሳትና ከጉልበቷ ላይ አፈሩን አራገፈላት። ለማን እንደምታነሳ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ለታመመው ባሏ እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ቀና ብሎ መስኩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ዘንድሮስ ሳማው ጉድ ነው። ግድ የለሽም፣ ቅዳሜ ማሽኔን ይዤ መጥቼ ድምጥማጡን አጠፋልሻለሁ። እንደ ሌላው ጊዜ።"

"እስቲ እናያለን" አለች ጉንቮር። ሌላ የምትለው ጠፍቷት ሳይሆን አፏን ይሉኝታ ስለያዘው ነው።

ያንን መስክ የባሏ የሲክስተን አያቶች ሲያጭዱት ኖረዋል። በየዓመቱ በሐምሌ በረጅም ማጭድ ይታጨዳል፣ ድርቆሹ ይሰበሰባል፣ ተጭኖም ይወጣል። ዋናው ነገር መውጣቱ ነው። የታጨደው ሣር ከመስኩ በወጣ ቁጥር መሬቱ ይከሳል፤ የዱር አበባ ደግሞ የከሳ መሬት ይወዳል። የወፈረ መሬት የሚወዱት ሣርና ሳማ ናቸው። ሲክስተን ይህን የሚያውቀው ከልጅነቱ ነው። ሆካን ግን ከከተማ የመጣ ሰው ነው።

ሲክስተን በስትሮክ ተመትቶ ከተማ ያለው የአረጋውያን ቤት በገባ ጊዜ፣ ሆካን ማንም ሳይጠይቀው ተቀምጦ በሚነዳው የሣር ማጨጃ መጥቶ መስኩን አጨደላት። የታጨደውንም እዚያው ተወው። "መሬቱን ያፋፋዋል" አላት፤ በእጁ አንድ ሳህን እንጆሪ ይዞላት ነበር። ጉንቮር አመሰገነችው። በማግስቱ የሄል ዳቦ ጋግራ ወሰደችለት። በሚቀጥለው በጋም እንዲሁ ሆነ፣ ባለፈውም እንዲሁ። በእኛ መንደር በደግነት የመጣን ሰው "ተሳስተሃል" ማለት በር ከመዝጋት አይለይም።

መጀመሪያ የሳሱት ጸደይ ላይ የሚወጡት፣ ጉልቪቫ የሚባሉት ቢጫ አበቦች ናቸው። ከዚያ ነጫጮቹ ዴዚዎች ተከተሉ። ጉንቮር በየቀኑ ለሲክስተን የምታነሳውን ፎቶ አላቆመችም። አበባው እየሳሳ በሄደ ቁጥር ስልኳን እያስጠጋች ሄደች እንጂ።

ከሰዓት በኋላ ሲክስተንን በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ መስኮቱ አጠገብ አገኘችው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ ንግግሩም ይጎተታል፤ አእምሮው ግን እንደ ድሮው ነው። ፎቶዎቹን የምትልክበትን ታብሌቱን ጭኑ ላይ አድርጋ የጠዋቷን ደወል አበባ ከፈተችለት።

"እሰይ" አለ። "ድንጋዩ ሥር ያሉት ናቸው?"

"ድንጋዩ ሥር ያሉት።"

"ዘንድሮ በዝተዋል?"

"አሉ" አለች።

ሲክስተን አበባዋን ሲያይ ቆየና ደህናው የአፉ ጎን ፈገግ አለ። "የምሥራች አለኝ። ለስቲግ ደወልኩለት።" ስቲግ በየሐምሌው አንድ መስክ መርጦ በማጭድ በጋራ የሚያጭደው የመንደሩ ማኅበር ሊቀመንበር ነው። "የዘንድሮ አጨዳ እኛ መስክ ላይ ይሁን አልኩት። ፎቶዎችሽን ልኬለት እንዴት እንደተደነቀ ብታዪ! እዚህ ያሉትም በመኪና ሊያመጡኝ እሺ ብለዋል። ማጭዴን አስሞርጂልኝ። ባላጭድበትም እይዘዋለሁ።"

ለጉንቮር የመንደሩ ሰው ማጭዱን ተሸክሞ፣ ለምሳ ሄሪንግ ዓሣና አዲስ ድንች ይዞ በአጥሩ በር ሲገባ ታያት። ሲክስተንም በወንበሩ ከኋላቸው ሲገፋ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም። አንድ ውሸት ብትጨምር የዛሬን ታልፍ ነበር፤ ሐምሌን ግን የምታልፍበት ውሸት አልነበራትም።

"ሲክስተን፣ አጨዳው አይሆንም።"

"ለምን?"

"አበባ የለም።"

"ይሄ ሁሉ ምንድነው ታዲያ?"

"ያለው ይሄው ነው። የቀረው ሳማ ነው።"

ነገረችው። ስለ ሆካን ማሽን፣ ስለ ኮፍያው፣ ሁሉንም። ሲክስተን ሳያቋርጣት ሰማ።

"የታጨደውን እዚያው ተወው?"

"ተወው።"

"ሦስቱንም ዓመት?"

"አዎ።"

"አንቺስ የት ነበርሽ?"

"መስኮት ላይ ቆሜ አየው ነበር።"

በደህና እጁ ታብሌቱን ገፋው፤ ጉንቮር ከመውደቁ በፊት ያዘችው። "እዚህ ወንበር ላይ ተቸንክሬ" አለ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ፣ "አንድ ደስታ ነበረችኝ። እሷም ውሸት ሆነች።"

"እንዳይከፋህ ብዬ ነው።"

"ከፋኝ።"

ዓይኑ እንባ ሞልቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጉንቮር ትከሻውን ልትነካው እጇን ዘርግታ መለሰችው።

"ለስቲግ እደውላለሁ" አለች። "ሲክስተን አልተሻለውም እለዋለሁ።"

"ደግሞ እኔን ሰበብ ልታደርጊኝ?" ዞሮም አላያትም። "እንደፈለግሽ አድርጊ። አሁን ሂጂልኝ።"

በአውቶቡሱ ውስጥ እያለቀሰች ሄደች። ማንም ምን ሆነሻል አላላትም፤ እኛ አገር ሰው ሲያለቅስ መንገድ ዳር ያለውን ዛፍ ማየት ነው ወጉ። ለስቲግ የምትለውን በልቧ አዘጋጀች፦ አልተሻለውም፣ ሐኪሙም ከልክሎታል፣ ለከርሞ ያድርሰን። ማንም አይጠራጠርም። መንደሩ ያዝናል፣ ሲክስተንም ያንን ሳማ በዓይኑ ሳያይ ይቀራል።

ቤቷ ስትደርስ የማጨጃው ሞተር እየጮኸ ነበር። ሆካን ከነማሽኑ አጥሩ በር ላይ ደርሷል።

"ቅዳሜ ይዘንባል አሉ!" ብሎ ጮኸላት። "ቀደም ብል ይሻላል አልኩ!"

"አጥፋው፣ ሆካን።"

"ምን?"

"ማሽኑን አጥፋው!"

አጠፋው። እንዲህ ጮኻበት አታውቅም ነበርና ግራ ተጋብቶ ያያት ጀመር።

"እያጨድክ እዚያው የተውከው ሣር ነው መስኩን የገደለው" አለች። "የታጨደው ከመስኩ መውጣት ነበረበት። አበባው የጠፋው ለዚህ ነው።"

የሆካን ፊት እስከ አንገቱ ቀላ። ከማሽኑ ወርዶ ሳማውን ዳር እስከ ዳር አየው፤ ጠዋት ያየውን መስክ ሳይሆን ሌላ ቦታ የሚያይ ይመስል ነበር።

"እኔ እኮ... ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንጆሪ ይዘህልኝ ነበር የመጣኸው።"

"ጉንቮር፣ እንጆሪ ምን አገባው!" አለ፤ ድምፁ ተሰባበረ። "የሲክስተንን መስክ አጥፍቼ ዳቦሽን ስበላ ዝም ብለሽ አየሽኝ?"

እውነቱን ነው። ሰውየውን ላለማሳዘን ብላ ይበልጥ አሳዘነችው።

"ይመለሳል?" አለ በመጨረሻ።

"በየዓመቱ እየታጨደ ከወጣ ይመለስ ይሆናል። ግን ብዙ ዓመት ነው። ሲክስተን አይደርስበትም። እኔም እንጃ።"

ሆካን ማሽኑን አዙሮ ያለ ቻው ሄደ። ጉንቮር አዘነች፤ ደግሞም ከደረቷ አንድ ነገር የወረደላት ያህል ቀለላት።

ፎቅ ወጥታ የመኝታ ቤቱን መስኮት ከፈተች። ከዚያ መስኩ በሙሉ ይታያል። ብርሃኑም ቦታውም ለፎቶ አይሆንም ነበር፤ ግን ሳታስጠጋ፣ ምንም ሳትቆርጥ አነሳችውና ለሲክስተን ላከችለት። ጥቂት ቆይቶ እንደከፈተው የሚያሳየው ምልክት ወጣ። መልስ ጠበቀች፤ አልመጣም። ሲክስተን ሲቆጣ ዝም እንደሚል ታውቃለች፤ እንዲህ ዝም ብሏት ግን አያውቅም።

ለስቲግ ደወለች።

"ጉንቮር! ምነው፣ ሲክስተን ደህና ነው?"

ያዘጋጀችው ውሸት ከነሙሉ ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ስቲግም መንገዱን ራሱ ጠርጎላታል።

"ደህና ነው" አለች። "የደወልኩት ስለ አጨዳው ነው። ፎቶዎቹን አትመናቸው። የሚታጨደው ሳማ ነው፣ ሁሉም ሳማ። ወፍራም ጓንት ይዛችሁ ኑ፣ የታጨደውን የምናወጣበት መጫኛም ያስፈልጋል።"

ስቲግ ጠየቀ፦ "ሲክስተን ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"እና... መምጣቱን ይተወዋል?"

ጉንቮር መልስ ያላገኘችበትን የስልኳን ስክሪን አየችና መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

"አይተወውም" አለች። "ይመጣል። ወንበሩን የምገፋው እኔ ነኝ።"