በእትዬ ወርቂቱ አፍ የዋሸሁት

ልጄ ሲና አምስተኛ ክፍል ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ለኔ የምትመልስልኝ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው የካቲት አስተማሪዋ ለክፍሉ አንድ ሥራ ሰጠች። እያንዳንዱ ልጅ ከባርነት ወጥቶ ለሌሎች ነፃነት የተናገረ አንድ ሰው ይመርጣል፤ ታሪኩን ያጠናል፤ ከዚያ ቅዳሜ ቀን ኦክላንድ እኛ ሰፈር ባለው ላይብረሪ ወላጆች ፊት ቆሞ ይናገራል። ሌሎቹ ልጆች መጽሐፍ ውስጥ ያገኟቸውን ሰዎች መረጡ። ሲና ግን ከትምህርት ቤት እንደመጣች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «ማሚ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ባርነት ነበር?» አለችኝ።

«ድሮ ነው» አልኳት።

«ባሪያ የነበረ ሰው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

አውቅ ነበር።

እትዬ ወርቂቱ ሳን ሆዜ ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ክንፉ ዲቪ ደርሶት መጥቶ፣ ሲደላደል ነው ያመጣቸው። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ፣ አባቴ ቤት፣ እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ስታመም ያደሩት እሳቸው፣ ፀጉሬን የሠሩኝ እሳቸው። ግን አንድም ቀን ከእኛ ጋር ገበታ ቀርበው አያውቁም። ያኔ «አንቺ» ነበር የምላቸው። «እርስዎ» ማለት የጀመርኩት እዚህ አገር ከመጡ በኋላ፣ ሰው ፊት ነው። ቸርች ውስጥ «አክስትሽ ናቸው?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር።

ሲና እኔ ዘንድ መልስ ስታጣ ለእሳቸው ደወለች። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ነበር። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «እማማ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ባሪያ የነበረ ሰው ያውቃሉ?» ስትል ሰማሁና ውሃውን ዘጋሁት።

«እናቴ» አሉ።

ሲና እርሳስ አነሳች።

«ሲሸጧት ካንቺ ታንስ ነበር። የተወለደችበትን ስም ረስታዋለች። ፋንታዬ ያሏት የገዟት ሰው ናቸው፤ ባላምባራስ ዘነበ ይባላሉ። ከጊቤ ማዶ፣ በአንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ። ታዲያ ጣልያን በወጣ በዓመቱ ጨው ልትገዛ ገበያ ወጥታ ነጋሪት ሲጎሰም ሰማች። አዋጅ ነው። ከእንግዲህ ሰው ሰውን አይገዛም፣ አይሸጥም፤ ይህን ያደረገ ይቀጣል ይላል። እናቴ ማንበብ አታውቅም። ጆሮዋ ግን ያዘላት። ቤት ስትመለስ ባላምባራስ ምንም አላሉም። በነጋታውም ምንም። እሳቸው ዝም ካሉ ማን ያውቃል?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንጭ ስትወርድ ለሴቶቹ ነገረቻቸው። በየቤቱ ያሉት ባሪያዎች ውሃ የሚቀዱት እዚያ ነው። ቃሉን እንደ ጸሎት አስጠናቻቸው። ወሬው ባላምባራስ ጆሮ ደረሰ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው፣ ግቢው መሃል አስረው አስገረፏት። ‹ዋሽቻለሁ በይ› አሏት። እናቴ አፏን ከፈተችና አዋጁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለችው።»

ሲና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች። የእርሳሷ ድምፅ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ ይሰማኛል።

«ጀርባዋ ሳይሽር አሥራ አንድ ሰው አስከትላ፣ ሦስት ቀን በእግሯ ተጉዛ ዳኛ ፊት ቆመች። ዳኛው ነፃ ናችሁ ብሎ ጻፈላቸው። እሷ ግን በዚያ አልበቃትም። እስክትሞት ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው መሃል ቆማ አዋጁን ትናገር ነበር። እብድ ናት ይሏታል፣ ይስቁባታል። እሷን ሰምተው ከጌታቸው ቤት የወጡ ግን ብዙ ናቸው። እኔን አዝላኝ ነበር የምትናገረው። ድምፅዋ በጀርባዋ በኩል ይሰማኝ ነበር።»

ስልኩ ሲዘጋ ሲና እኔ ወዳለሁበት መጣች።

«ማሚ፣ ላይሰንስሽ ላይ ዘነበ ይላል እኮ።»

«ዘነበ የሚባል ሰው ስንት አለ!» አልኳት።

ባላምባራስ ዘነበ አያቴ ናቸው። እዚህ አገር ስመጣ የአያት ስም ላስት ኔም ሆነና፣ ሆስፒታል ስሠራ ደረቴ ላይ በማንጠለጥለው ባጅ ላይ፣ የቤት ኪራዩ ሊዝ ላይ፣ ሁሉም ጋ ዘነበ ነኝ። የፋንታዬንም ታሪክ ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ እኛ ቤት ሲነገር ግን ሌላ ነበር። «አያትሽ አሳድገዋት የበላችበትን ወጪት ሰብራ ሄደች» ነበር የሚባለው። እትዬ ወርቂቱ ገና በልጅነታቸው እናታቸው ሲሞቱባቸው የሚጠጉበት ዘመድ አልነበራቸውም። አባቴ ወስዶ አዲስ አበባ አመጣቸው። እሱንም እኛ ቤት እንደ ጽድቅ ነበር የምናወራው።

እሑድ ቸርች ስንወጣ ወንድም ገብረ ሥላሴ አገኘኝ። የቸርቻችን ሽማግሌ ነው፤ ልጁ አብኔር ከሲና ጋር አንድ ክፍል ነው።

«እህት ያለም፣ ቅዳሜ እኛም እንመጣለን፤ ሌሎችም ከቸርች እናመጣለን» አለኝ። «ሲና ስለ ኢትዮጵያ ነው የምትናገረው አሉ። ስለ ማን ነው?»

«ገና አልጨረሰችም» አልኩት። የልጆች አገልግሎት አስተባባሪ እኔ ነኝ። የሱን ልጆች ጨምሮ ሠላሳ ሕፃናት እሑድ እሑድ እኔን ነው የሚሰሙት።

ረቡዕ ሲና እግር ኳስ ልምምድ ላይ ሳለች የጻፈችውን ከፍቼ አነበብኩት። ሦስት ገጽ ነው። ሁሉም አለ፤ ምንጩ፣ ግርፋቱ፣ አሥራ አንዱ ሰዎች። መጨረሻው ላይ እንዲህ ብላለች፦ «የገዛት ሰው ዘነበ ይባላል። ምናልባት የኔ ቅድመ አያት ሊሆን ይችላል። እናቴ አይደለም ትላለች።»

ልወስዳት ሄድኩ። መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እያሰረች ነበር። እንዲህ አልኳት።

«እማማ ወርቂቱ ደውለው ነበር። የእናታቸው ስም ሰው ፊት እንዲጠራ አይፈልጉም። አፍረዋል።»

«ሲነግሩኝ ደስ ብሏቸው ነበር እኮ!»

«ኋላ ተጸጽተው ነው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ መልሰሽ እንዳትጠይቂያቸው።»

መንገዱን ሙሉ በመስኮት ስታይ ቆየች። ቤት ስንደርስ ራሷ ቁጭ ብላ ስሙን አወጣች፤ ግርፋቱን አወጣች፤ የመጨረሻውን ገጽ አጠፋች። «እማማን እንዳላሳፍራቸው» አለች። እኔ እራት ሠራሁ።

ቅዳሜ እትዬ ወርቂቱ ከሁሉ ቀድመው መጡ። ክንፉ ነው ከሳን ሆዜ ያመጣቸው። ለልጅ ልጃቸው ምርቃት የገዙትን ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል። ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣመሩ። እኔ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ገብረ ሥላሴና ሚስቱ ከኋላችን ናቸው።

ሲና ተራዋ ደርሶ ወጣች። በእንግሊዝኛ ስለ «አንዲት ሴት» ተናገረች፤ አዋጅ ስለሰማች፣ ለጓደኞቿ ስለነገረች፣ ስለወጣች ሴት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። እትዬ ወርቂቱ እንግሊዝኛ አይሰሙም። የሚጠብቁት አንድ ቃል ብቻ ነበር። አንገታቸውን ወደፊት አስግገው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ጠበቁ። ሲጨበጨብ ወደኔ ዞረው «አለቀ?» አሉኝ።

«አለቀ» አልኳቸው።

ሲና ሮጣ መጥታ አቀፈቻቸው። እሳቸው ጉንጯን ይዘው፣ «የእናቴን ስም አላልሽም፣ ልጄ። ረሳሽው?» አሏት።

ሲና አየችኝ፤ መልሳ እሳቸውን አየች። «እርስዎ አይፈልጉም፣ ማሚ እንደዛ አለች» አለች በአማርኛ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። እትዬ ወርቂቱ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ልጄ ተመለሰ።

«አዎ፣ ለካ እኔ ነኝ ያልኩት» አሏት። «እርጅና ነው፤ ረስቼው። ጎበዝ፣ ደኅና አድርገሽ ነው የተናገርሽው።»

ከዚያ ክንፉን ጠሩና ሄዱ። የተዘጋጀውን ኬክ አልቀመሱም።

ያን ሳምንት ሆስፒታል በሽተኛ ሳገላብጥ፣ አንሶላ ስቀይር፣ ያ አስተያየታቸው ከፊቴ አልጠፋም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ደወልኩ። «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ስልኩን ለክንፉ ይሰጡታል። ሐሙስ ሲና እራት ላይ፣ «እማማ ያሉትን ነገር ይረሳሉ እንዴ? ዶክተር ጋ መሄድ የለባቸውም?» ስትለኝ እጄን ከሰሃኑ አነሳሁ። እኔ አንድ ጊዜ ዋሸሁ፤ ልጄ ጤነኛዋን ሴትዮ እንደ በሽተኛ ማየት ጀመረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሲናን ይዤ ወደ ሳን ሆዜ ነዳሁ። ፍሩትቬል የሚባለውን ሰፈር ሳናልፍ ነገርኳት። እማማ ስልክ አልደወሉም። አላፈሩም። ዘነበ አያቴ ናቸው።

«ፋንታዬን ዋሸሁ በይ ብለው ነው የገረፏት» አለች ሲና። «አንቺ ደግሞ ለልጇ እንደዛ አደረግሽ። እሳቸው ባልዋሹት ዋሸሁ አሉ።»

አሥር ዓመቷ ነው።

እትዬ ወርቂቱ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ሲናን አቀፉ፤ እኔን «ግቢ» አሉኝ። ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም፤ እግራቸው ሥር ወረድኩ።

«ተነሽ፣ እንዲህ አይነት ነገር አልወድም» አሉኝ። «ቁጭ በይና ተናገሪ።»

ሁሉንም ተናገርኩ፣ ሲና ፊት። ስጨርስ፣ «እትዬ፣ ለምን ሸፈኑልኝ?» አልኳቸው።

«ለምጄ ነዋ!» አሉ። «አባትሽ ቤት የተሰበረው ብርጭቆ ሁሉ እኔ የሰበርኩት ነበር። አንቺ የሰበርሽውም። ቅዳሜ ለታም ልጅቷ ስትጠይቀኝ አፌ ቀድሞኝ ሄደ። ቤቴ ገብቼ ነው ያለቀስኩት። በሰባ ሰባት ዓመቴ፣ ያውም እናቴን ክጄ!»

«ምን ላድርግ?»

«ለኔ ነግረሽኛል፤ እኔማ ድሮም አውቃለሁ። ለማያውቁት ንገሪ። በእንግሊዝኛ አይደለም። በሚያውቁሽ ሰዎች ፊት፣ በአማርኛ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «ደግሞ አክስቴ አትበይኝ። አክስትሽ አይደለሁም። አክስትሽ ብሆን ኖሮ ከአባትሽ ጋር ገበታ እቀርብ ነበር።»

በማግስቱ እሑድ ክንፉ ይዟቸው ወደ ቸርቻችን መጡ። በምስክርነት ሰዓት ማይክራፎኑን ተቀበልኩ። «ስሜ ያለምዘውድ ነው» አልኩ፤ ሁሉም እያወቀኝ። «አያቴ ባላምባራስ ዘነበ ባሪያዎች ነበሯቸው። ከመካከላቸው አንዷ ወይዘሮ ፋንታዬ ናቸው» ብዬ ጀመርኩ። ምንጩን፣ ግርፋቱን፣ አሥራ አንዱን ሰዎች ሁሉ ነገርኳቸው። በልጄ ላይ ያደረግሁትንም፣ በእትዬ ወርቂቱ ላይ የዋሸሁትንም ተናገርኩ። ማንም «አሜን» አላለም።

ስንወጣ ገብረ ሥላሴ ወደ ጎን ሳበኝ። «እህት ያለም፣ ይሄ በጓዳ የሚያልቅ ነገር ነበር። ሕዝብን ይከፋፍላል።»

እትዬ ወርቂቱ ከኋላው ነበሩ። «ወንድም ገብረ ሥላሴ፣ ጓዳውን እኔ አውቀዋለሁ» አሉት። «እዚያ ምንም አያልቅም።»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በሳምንቱ ከልጆች አገልግሎት ለጊዜው እንዳርፍ ተነገረኝ። አልተከራከርኩም። በፊት ይስሙኝ የነበሩ ሁለት ሴቶች ከሩቅ በእጅ ብቻ ሰላም ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ፣ ያልጠበቅኳቸው፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ተጠግተው «እኛም ቤት ነበር» ብለውኝ ቶሎ ይሄዳሉ።

ሲና አስተማሪዋን ለምና ንግግሯን ክፍል ውስጥ ደገመችው፤ ሦስቱንም ገጽ። ክንፉ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ እናቱን አመጣቸው። እኔ ልምጣ ብዬ ስጠይቅ ሲና፣ «አንቺ ሌላ ጊዜ» አለችኝ። ሥራ ገባሁ። በኋላ ክንፉ እንደነገረኝ፣ ልጄ የፋንታዬን ስም አራት ጊዜ ጠርታለች፤ እሳቸውም በየጊዜው «አቤት» እያሉ መለሱላት፤ ልጆቹ ሳቁ፣ እሳቸውም ሳቁ።

አሁን በወር ሁለቴ ሳን ሆዜ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን እትዬ ወርቂቱ ምሳ አብረን እንድንበላ ያስቀምጡኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ክንፉ በሩ ላይ «ደክሟቸዋል» ይለኛል፤ እመለሳለሁ። ሲና እንደ ድሮው ታወራኛለች፤ ብቻ አንድ ነገር ስነግራት፣ የአየር ጠባይም ቢሆን፣ «እውነትሽን ነው?» ትለኛለች። እውነቴን ነው እላታለሁ። ፊቴን አይታ፣ ትንሽ ቆይታ ነው የምታምነኝ።