ቀዩ እስኪጠፋ

ቻላቸው ያነሳውን ፎቶ ለማየት ካሜራውን ዝቅ ሲያደርግ የሙሽራዋ ፊትና ቬሎ በቀይ ተሸፍኗል። እንደ ልማዱ ሊያልፈው ነበር። ከዚያ ትናንት ያደረገው ትዝ አለው።

ካሜራዋ አሮጌ ናት። ሊሸጣት ሲል ነበር ከኢንተርኔት አዲስ ፕሮግራም አውርዶ የጫነባት። ከዚያ ወዲህ አንዱን ፎቶ በሁለት የብርሃን ልክ፣ በሁለት አይኤስኦ፣ ታነሳለች፤ ግማሹን ለፀሐይ፣ ግማሹን ለጥላ። ብርሃን በዝቶ ምስሉ የጠፋበትን ቦታም በቀይ ታስጠነቅቃለች። ማስጠንቀቂያዋ ግን በስክሪኑ ምስል ብቻ እየገመተ ያለ ነገር ስለሚበራ ቻላቸው መናቅ ለምዷል። ትናንት ፍኖተ ሰላም ከተማ ሆኖ፣ እያንጎላጀ፣ ግምቱን ትታ ያልተነካካውን የፎቶውን ጥሬ ፋይል ራሱን እንድታነብ አስተካከላት። አሁን ቀዩ እውነት ነው። ጥር ከገባ ሠርግ በሠርግ ላይ ሆኖበት፣ እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላቱ ይህን ረሳው።

ፎቶውን አጉልቶ አየው። በዳሱ ጥላ ውስጥ የቆሙት እናትና አባት በደንብ ወጥተዋል። ጫፉ ላይ ፀሐይ የመታት ሙሽራዋ አደይ ግን ነጭ ብቻ እንጂ ፊት የላትም።

ሌላ ፎቶ ቢሆን ግድ አልነበረውም። ይህ ግን ወላጆቿ ከተፋቱ ወዲህ አብረው የቆሙበት ብቸኛው ነው። አባትየው ጋሽ ዳኘው ቡሬ ከተማ ሌላ ትዳር ይዘዋል፤ ወደዚህ ገጠር ግቢ ያመጣቻቸው አደይ ሽማግሌ ልካ ነው። እናትየዋ ወይዘሮ ሲሳይነሽ ደግሞ ጠዋት ቻላቸውን ለብቻው ጠርተው፣ ሌላው ሁሉ ቢበላሽ እንደማይቀየሙት፣ ያቺን አንዷን ግን አደራ ብለውታል።

የሙሽራው ወገኖች መኪና ጡሩምባ ይነፋል። ጋሽ ዳኘው ልጃቸውን ስመው ወደ ባጃጁ እየሄዱ ነው። ቻላቸው ደክሞታል። የአደይን ፊት ከሌላ ፎቶ ቆርጦ ቢለጥፍ ማንም አያውቅበትም፤ ከዚህ በፊትም አድርጎታል። አደራው ግን አላስቆም አለውና ሮጦ ደረሰባቸው።

“ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የአደይ ፊት ተበላሽቶብኛል። እባክዎ አንድ ጊዜ ይመለሱልኝ።”

ጋሽ ዳኘው በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። “አንዴ ስቆም ለልጁ ብሎ ነው ይባላል። ሁለቴ ስቆምስ ምን ይባላል?”

“ፎቶ አንሺው ሰነፍ ነው ይባላል።”

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ቃጣቸውና ተመለሱ።

ቻላቸው በዚህ ጊዜ ሦስቱንም ወደ ዳሱ ጥግ አስገባቸው። ቦታው ጠባብ ነው፤ አደይ ከፊት ስትቆም እናትና አባት ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። አነሳና ስክሪኑን አየ። ቀይ የሚባል የለም። አጎላው፤ የአደይ ዓይን፣ የእናትየዋ ነጠላ ጥበብ፣ የአባትየው ሽበት፣ ሁሉም አለ። እፎይ አለ። አሁን የሚፈልገው ፍራሽ ብቻ ነው።

አመሰግናለሁ ሊል አፉን ሲከፍት ወይዘሮ ሲሳይነሽ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሱ በዝግታ ተናገሩ።

“እግርህን አሁንም ያምሃል?”

“ብርድ ሲሆን ነው።” ጋሽ ዳኘው ዱላቸውን ደገፍ አሉ። “ያንቺስ ዓይን?”

ጡሩምባው እንደገና ተነፋ። ቻላቸው አፉን ዘጋና ንጹሑ ስክሪን ላይ አቀረቀረ።

“ቀዩ አልጠፋም” አለ። “እንደቆማችሁ ትንሽ ታገሡኝ።”