መርዶ ነጋሪ ያጣው መምህር

ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ኃላፊና ጠፊ ዓለም ረኃብና ጥማትን፣ ብርድና ድካምን፣ ስደትና ምንዳቤን ሰው ብቻውን ሊሸከማቸው ቢችልም፣ ኀዘን ግን ያለ ረዳት የማይነሣ፣ ያለ ወገንም የማይወርድ ሸክም መሆኑን የቀደሙ አበው መርምረው ስላወቁ፣ መርዶ በጽሕፈት እንዳይላክ፣ ብቻውን ለተቀመጠም ሰው እንዳይነገር፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ደጅ አንኳኵቶ እንዲያረዳ ሥርዓት ሠሩ። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ጎረቤት ለሌለው ሰው ምን እንደሚደረግለት የተናገረ አንድም የለም።

መምህር ፍሥሐ ጽዮን በመርጡለ ማርያም ጉባኤ ቅኔ የተቀኘ፣ አንደበቱ የለዘበ፣ ትምህርቱም የጠለቀ ሰው ሲሆን፣ በዋርሶ ከተማ ዩኒቨርሲቲ አማርኛና ግእዝ ያስተምር ዘንድ ተጠርቶ በመስከረም ወር ባሕር ተሻግሮ ሄደ። በዚያም ሀገረ ባዕድ፣ በሚኖርበት ፎቅ ቤት ሰባ እርከን ደረጃ ላይ ሰው ባገኘ ቍጥር ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጅ ነሥቶ፣ የልጅ የከብቱን ደኅንነት ሊጠይቅ ሲሰናዳ፣ ሰውየው ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ ሽው ብሎ ያልፍ ነበር። ክፍል ያከራየችው ባሏ የሞተባት አሮጊት ወይዘሮ ሃሊና እንኳ፣ ከበረዶው ሲገባ «ጫማህን አራግፍ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተረፋትም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከመስኮቱ ፊት ተቀምጦ፣ የራሱ ድምፅ እንዳይጠፋበት ብሎ፣ ውዳሴ ማርያሙን ጮክ አድርጎ ይደግም ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ትጉኋ ዳኑታና ዋዘኛው ማሬክ። አንድ ቀን ማሬክ፣ «መምህር፣ በእርስዎ አገር ሰው ሲገናኝ ስንት ጊዜ ነው ደኅና ነህ ወይ የሚባባለው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «እስኪደክመው ነው፣ ልጄ፤ እኔ ግን እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ድካም የሚባል አላየሁም» ብሎ መለሰለት። ማሬክ ሳቀ፤ ዳኑታ አልሳቀችም።

ወንድሙ ግራዝማች አያሌው በየወሩ በሚልከው ደብዳቤ፣ «እማሆይ ሰላም ብለውሃል፤ ለጤናህም ይጸልያሉ» የሚል ቃል ሳይጽፍ ቀርቶ አያውቅም፤ እማሆይ ወለተ ኪሮስ ሁለቱን የወለዱ፣ ዓይናቸው የፈዘዘና ጉልበታቸው የዛለ እናታቸው ናቸውና። የታኅሣሥ ደብዳቤ ግን ያለዚያ ሰላምታ መጣ። መምህሩም ደንግጦ፣ «እማሆይን ስለ እኔ ጉልበት ሳምልኝ» ብሎ ቢጽፍ፣ «እማሆይ ወደ ጸበል ወርደዋል» የሚል መልስ ደረሰው። ከቤታቸው እስከ ደጀ ሰላም በሰው ትከሻ የሚሄዱ አሮጊት፣ በየትኛው እግራቸው ነው የጸበሉን ቍልቍለት የሚወርዱት? አንባቢ ሆይ፣ ጭንቁን መርምር፦ ሳይረዳ ቢያለቅስ ምናልባት በሕይወት ያሉትን እናቱን በአፉ እንደ መግደል ይሆንበታል፤ ባያለቅስ ደግሞ እናቱ አልቃሽ እንደሌላት ደሀ ተቀብረው ይቀራሉ። ደፍሮ ለመጠየቅ ይፈራል፤ ደፍሮ የሚነግረውም የለም። እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር ሙሉ እያስተማረ፣ እየጾመ፣ በሰውነቱም እየመነመነ ሰነበተ።

ግራዝማቹም በበኩሉ፣ በዚያ ከተማ አንድ የአገር ሰው ቢፈልግ ቢያስፈልግ ስላጣ፣ በየካቲት ወር «ለመምህር ፍሥሐ ጽዮን ደቀ መዛሙርት» ብሎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ጻፈ። ዳኑታ መዝገበ ቃላቷን ይዛ አንድ ቀን ሙሉ ታግላ አነበበችው። እንዲህ ይል ነበር፦ «ልጆቼ፣ ሳላውቃችሁ ልጆቼ ብያችኋለሁ። እናታችን ካረፉ ሦስት ወር ሊሆን ነው። ወንድሜ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ በማለዳ ሄዳችሁ አርዱልኝ፤ ነግራችሁትም ጥላችሁት አትሂዱ።»

ማሬክ ይህን ሲሰማ ፊቱ ገረጣ። «ዳቦ ለመግዛት የማይበቃ አማርኛ ይዘን ሞት ልናረዳ?»

«አንተ ዳቦ በእናትህም ቋንቋ አትገዛም፤ የእኔን ነው የምትበላው» አለችው ዳኑታ። «ነገ ጎሕ ሲቀድ ደጁ ላይ እንገናኝ።»

በማግሥቱ በር የከፈተችላቸው ወይዘሮ ሃሊና ነበረች። ነገሩን በሹክሹክታ ቢነግሯት፣ «ሁለት ሰው ለኀዘን ያንሳል» ብላ ገባች፤ ባሏን በቀበረች ጊዜ የለበሰችውን ጥቁር ካባ ደርባ ተመለሰች፤ ሦስት ሆነውም የክፍሉን በር አንኳኩ። መምህሩ ከፍቶ ሦስቱን በማለዳ ተሰልፈው ባየ ጊዜ፣ መቃኑን ይዞ፣

«ማን ላካችሁ?» አለ።

ዳኑታ ሌሊቱን ያጠናችው ቃል ሁሉ ከአፏ ጠፍቶ ዕንባዋ ቀደማት። ያ ዋዘኛው ማሬክ ነው የተናገረው፦ «ወንድምዎ ግራዝማች አያሌው። መምህር፣ እማሆይ ዐርፈዋል። እግዚአብሔር ያጥናዎ።»

በዚያን ጊዜ መምህር ፍሥሐ ጽዮን ነጠላውን አደግድጎ፣ ደረቱን እየደቃ፣ «እናቴ! እናቴ!» ብሎ የሦስት ወሩን ልቅሶ በአንድ ጊዜ ቢለቀው፣ ቤቱ ተናወጠ፤ የደረጃው በሮችም እየተንቋቁ ተከፈቱ። ከታች ክፍል የሚኖር የትራም ባቡር ነጂ የሌሊት ልብሱን እንደ ለበሰ እየተቈጣ ወጥቶ፣ «ምን ጩኸት ነው ይህ? ሰው አይተኛም እንዴ?» ቢል፣ ወይዘሮ ሃሊና በሩ ላይ ቆማ፣ «እናቱ ሞታለች። አፍህን ዝጋና ገብተህ ተቀመጥ» አለችው። ሰውየውም ተግሣጹን ተቀብሎ ገባ፤ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ የሚያደርገውን ቢያጣ፣ እጁን በመምህሩ ትከሻ ላይ ጣለ። እስከ ቀትር ድረስ ሌሎች ጎረቤቶችም ተጨምረው፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ሰባት ሰዎች መምህሩን ከበው ተጣበው ተቀምጠው ነበር፤ ከሰባቱም አምስቱ የሟቿን ስም እንኳ መጥራት አይችሉም ነበር።

እንግዳ ሰው አገር ማግኘቱን የሚያውቀው፣ ክፉ ወሬውን ፊት ለፊት ነግሮት፣ ከነገረውም በኋላ ሳይሄድ አብሮት በተቀመጠ ሰው ነው።